ኮርቻውን የሚመርጠው ጀርባው ነው፦ ስለ ሲንተቲክ ኮርቻ የሚባለውና እውነታው

ኮርቻ ሊገዛ የተነሣ ሰው መካሪ አያጣም። ጋጣው አካባቢ ያለ ሁሉ አንድ የሚለው አለው። አንዱ «ከቆዳ ውጪ ኮርቻ የለም» ይላል። ሌላው «ሲንተቲኩ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ ለየትኛውም ፈረስ ይሆናል» ብሎ ያደፋፍራል። ሦስተኛው «ወፈር ያለ ድብዳብ ካነጠፍክ ልክ ሆነ አልሆነ ምን አስጨነቀህ» ይላል። ሁሉም ምክር ውስጥ ትንሽ እውነት ስላለ ሳይመረመር ያልፋል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን መካሪውም ገዢውም ሳይሆን ኮርቻው የሚጫንበት እንስሳ ነው።

እዚህ የምናነሣው በዳገትና በቁልቁለት፣ በድንጋያማ መንገድና በጫካ ውስጥ ለሰዓታት ስለሚደረግ ግልቢያ ነው። ለዚህ ሥራ ዛሬ ገበያ ላይ ካሉት ኮርቻዎች ብዙዎቹ ከቆዳ የተሠሩ አይደሉም። የአውስትራሊያው ዊንቴክ፣ የእንግሊዙ ቶሮውጉድና የአሜሪካው አቤታ በዘርፉ የታወቁ ስሞች ናቸው። ውጫቸው እንደ ኮርዱራ ባለ ጠንካራ የናይሎን ጨርቅ ወይም ቆዳ በሚመስል ሰው ሠራሽ ልባስ ይሸፈናል። ውስጣቸው ግን ከሌላው ኮርቻ አይለይም፦ ቅርጹን የሚይዝ አጽም አለ፤ ከፈረሱ ጀርባ ጋር የሚገናኝ ትራስ አለ፤ የጀርባ አጥንቱ ሳይነካ እንዲያልፍ በግራና በቀኝ ትራስ መካከል የተተወ ቦይ አለ። ኮርቻ ምቹ ሆነ ወይም አልሆነ የሚባለው በእነዚህ ሦስቱ ነው።

የሚባለው 1፦ «ትክክለኛ ኮርቻ የቆዳ ነው፤ ሲንተቲኩ የጀማሪ ነው»

እውነታው፦ ቆዳ የራሱ ክብርና ጥቅም አለው። በአግባቡ ከተያዘና በየጊዜው ከታሸ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል፤ ሲቀደድም ባለሙያ ይሰፋዋል። ለረጅም መንገድ ሲታሰብ ግን ሲንተቲኩ የሚበልጥባቸው ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ክብደት ነው። በአሜሪካ የከብት ጠባቂዎች ቅርጽ የተሠራ የቆዳ ኮርቻ ብዙ ጊዜ ከ14 እስከ 18 ኪሎ ይመዝናል። ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሲንተቲክ ከ7 እስከ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ብቻውን ፈረሱን የሚጭን ሰው፣ በተለይ ቁመቱ አጠር ያለ ከሆነ፣ ልዩነቱን በየጠዋቱ በክንዱ ያውቀዋል። ሁለተኛው ዝናብ ነው። ቆዳ ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ ይገትራል፤ በእርጥብ ቤት ከተቀመጠም ይሻግታል። ሲንተቲኩን በውኃና በብሩሽ አጥቦ ጥላ ላይ መስቀል ይበቃል። ሦስተኛው ዋጋው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳው ይረክሳል።

«የጀማሪ ነው» የሚለውን ለማፍረስ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ የሚካሄደውን የቴቪስ ዋንጫ ማየት ይጠቅማል። ጋላቢው በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ 160 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። በየጣቢያው ፈረሱን የሚመረምሩት የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፤ «ይብቃው» ካሉ ጉዞው እዚያው ያበቃል። በእንዲህ ያለ ረጅም ግልቢያ የሚወዳደሩ ሰዎች ቀላል ኮርቻ ይመርጣሉ፤ የቆዳም የሲንተቲክም ይጭናሉ። ሐኪሙ ጀርባውን በእጁ ሲዳስስ የሚፈልገው ሕመምና እብጠት ነው፤ የኮርቻው ልባስ ከምን እንደተሠራ ለእሱ ጉዳዩ አይደለም።

ይህን ከእኛ አገር ኮርቻም መረዳት ይቻላል። በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ዓይን የሚስበው ግላሱና የልጓሙ ጌጥ ነው። ለበዓሉ ማዕረግ የሚሰጠውም እሱ ነው። ጀርባው ላይ የሚያርፈው ግን ከቆዳው ስር ያለው የእንጨት አጽም ነው። ያ እንጨት በትክክል ከተጠረበ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፤ ካልተጠረበ የላዩ ጌጥ አያድነውም።

የሚባለው 2፦ «ሲንተቲክ ለስላሳ ስለሆነ ለማንኛውም ፈረስ ይስማማል»

እውነታው፦ ለስላሳው ልባሱ ነው። ውስጡ ያለው አጽም ከጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከፋይበርግላስ ወይም ከእንጨት የተሠራ ስለሆነ የራሱ ስፋትና የራሱ ጥምዝ አለው። የፈረስ ጀርባም የየራሱ ቅርጽ አለው፤ አንዱ ጫንቃው ሾጣጣና ከፍ ያለ ነው፤ ሌላው እንደ በርሜል ክብ ነው፤ በቅሎ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ጫንቃዋም ዝቅ ያለ ነው። ሁሉንም የሚያስማማ አንድ አጽም የለም።

ልክ መሆኑን ለማየት ፈረሱን ሜዳ ላይ፣ አራቱም እግሮቹ እኩል ቆመው፣ ኮርቻውን ያለ ድብዳብ ያስቀምጡበት። ከፊት ጫንቃው ላይ አኑረው ወደ ኋላ ቀስ ብለው ይግፉት፤ በራሱ ጊዜ የሚቆምበት ቦታ አለ። ከዚያ አምስት ነገሮችን በቅደም ተከተል ይመልከቱ።

መጀመሪያ ትከሻውን። የአጽሙ የፊት ጫፍ ከትከሻ አጥንቱ በስተኋላ መዋል አለበት። ፈረስ የፊት እግሩን ወደፊት ሲዘረጋ የትከሻው አጥንት የላይኛው ጫፍ በተቃራኒው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ኮርቻው እዚያ ላይ ከተቀመጠ በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ ከጠንካራ ነገር ጋር ይጋጫል። እርምጃው የሚያጥር፣ ቁልቁለት ላይ የሚያመነታ ፈረስ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ነው።

ሁለተኛ ከፍታውን። በጫንቃው አጥንትና በኮርቻው ግንባር መካከል ጋላቢው ከተቀመጠ በኋላም ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ባዶውን ሲታይ ሰፊ የነበረ ክፍተት ሰው ሲወጣበት ይጠባል፤ ስለዚህ ሳይወጡበት አይፍረዱ።

ሦስተኛ ቦዩን። ከኋላ ቆመው በቦዩ ውስጥ ወደፊት ሲመለከቱ ከዳር እስከ ዳር ብርሃን መታየት አለበት። ስፋቱ ሦስት ወይም አራት ጣት ያህል ካልሆነ ትራሱ የጀርባ አጥንቱን ጎን ይጫናል።

አራተኛ ንክኪውን። መዳፍዎን በትራሱና በፈረሱ ጀርባ መካከል ከፊት ጀምረው ወደ ኋላ ቀስ ብለው ያሳልፉ። ግፊቱ ከፊት እስከ ኋላ እኩል ሊሰማዎት ይገባል። ከፊት ጠበቅ ብሎ መካከሉ ላይ እጅዎ በነፃ ካለፈና ከኋላ እንደገና ከጠበቀ፣ ኮርቻው ሁለቱን ጫፎች ረግጦ መሐሉን ዘሏል ማለት ነው። የጋላቢው ክብደት በሙሉ በአራት ትናንሽ ቦታዎች ላይ ያርፋል። በተቃራኒው ኮርቻው ከፊት ሲጫኑት ከኋላ የሚነሣ ከሆነ ለዚያ ጀርባ ከመጠን በላይ ጎብጧል።

አምስተኛ ርዝመቱን። ፈረስ በተለምዶ 18 ጥንድ የጎድን አጥንት አለው። ኮርቻው ክብደት ማሳረፍ ያለበት እነዚህ በሚደግፉት የጀርባ ክፍል ላይ ብቻ ነው። የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት ጎኑ ላይ በጣትዎ ይፈልጓት፤ መስመሯን ተከትለው ወደ ላይ ወደ ጀርባው ይውጡ። ከዚያ ወዲያ ያለው ወገቡ ነው፤ ከስሩ የሚደግፈው የጎድን አጥንት ስለሌለ ኮርቻ አይጫንበትም። አጭር ጀርባ ባለው ፈረስ ላይ ሰፊ መቀመጫ ያለው ኮርቻ የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

«የእኔ ግን ስፋቱ የሚቀየር ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ የአንዳንድ ሲንተቲክ ኮርቻዎች ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ለምሳሌ ዊንቴክ ከግንባሩ ስር በብሎን የሚታሰር፣ በቀለም የሚለይ የብረት ቅስት ይሠራል። ቢጫው ጠባብ ነው፤ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቀዩ እያለ እየሰፋ ነጩ ላይ ይደርሳል። በካቻቢቴ ብሎኑን ፈትቶ አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ባለቤቱ በራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። ሆኖም ቅስቱ የሚቀይረው የፊቱን ስፋት ብቻ ነው። አጽሙ ከፊት ወደ ኋላ ያለው ጥምዝ በዚያው ይቀራል። ጀርባው ቀጥ ላለ በቅሎ የጎበጠ ኮርቻ ገዝቶ ቅስቱን መለዋወጥ መፍትሔ አይሆንም።

ሌላው ወጥመድ መለያ ቁጥሩ ነው። አንዱ ፋብሪካ «መካከለኛ» ያለው ለሌላው «ሰፊ» ሊሆን ይችላል፤ በኢንች የሚጻፈውም ልክ ከየት እስከ የት እንደተለካ በየፋብሪካው ይለያያል። ከቁጥር ይልቅ ቅርጹን ይዞ መሄድ ይሻላል። እንደ ልብ የሚታጠፍ ወፍራም ሽቦ ይውሰዱና ከትከሻ አጥንቱ በስተኋላ በፈረሱ ጀርባ ላይ አጋድመው በግራና በቀኝ አጥብቀው ይለጥፉት። ቅርጹን ሳያበላሹ አንሥተው ካርቶን ላይ ያሳርፉት፤ በእርሳስ ተከትለው ይሣሉና በመቀስ ይቁረጡት። ያንን ካርቶን ሱቅ ወስደው ከኮርቻው ግንባር ስር ሲያስገቡት ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግርዎታል።

የሚባለው 3፦ «ወፍራም ድብዳብ ጉድለቱን ይሸፍናል»

እውነታው፦ ኮርቻው ጠባብ ከሆነ ድብዳብ መጨመር ያባብሰዋል። ጠባብ ጫማ ላይ ወፍራም ካልሲ መደረብ ማለት ነው። በትንሹ ሰፋ ያለ ኮርቻን ድብዳብ ሊያስተካክለው ይችላል፤ የሚፈለገው ቦታ ላይ ብቻ ስስ መደገፊያ የሚያስገቡ ኪስ ያላቸው ድብዳቦችም ይሸጣሉ። እነዚህ ግን ጉድለቱ የት እንዳለ ላወቀ ሰው የተሠሩ ናቸው።

የድብዳብ ዋና ሥራ ላብ መምጠጥ፣ መፋተግን መቀነስና ኮርቻውን ንጹሕ መጠበቅ ነው። ሲያነጥፉት ከጫንቃው ላይ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ወደ ቦዩ ያስገቡት። ተወጥሮ ጫንቃው ላይ የተኛ ድብዳብ ለሰዓታት ሲሄድ አጥንቱን ይልጠዋል። ጸጉሩ ወደ ኋላ እንዲተኛም ከፊት አስቀምጦ ወደ ኋላ መሳብ እንጂ ወደፊት መግፋት አይገባም። ታጥፎ የቀረ ጠርዝና ውስጡ የተሰነቀረ እሾህ ለገጣባ መነሻ ይሆናሉ።

የሚባለው 4፦ «አጽም የሌለው ኮርቻ ፈረስ አይጎዳም»

እውነታው፦ ጠንካራ አጽም የሌላቸው፣ ከስፖንጅና ከጨርቅ የሚሠሩ ኮርቻዎች አሉ። አመክንዮው ማራኪ ነው፤ ጠንካራ ነገር ከሌለ የሚቆነጥጥ ነገር የለም ይላል። የአጽም ሥራ ግን የጋላቢውን ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ማከፋፈል ነው። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ፈረሶች በሶምሶማ ሲሄዱ ከሁለቱ ዓይነት ኮርቻዎች ስር ያለውን ግፊት ለክቷል። አጽም ባለው ኮርቻ ስር ክብደቱ በሰፊ ቦታ ተበትኗል፤ አጽም በሌለው ስር ደግሞ በጠባብ ቦታ ላይ ተሰብስቦ ከፍተኛው ግፊት ጨምሯል።

ይህ ማለት አጽም የለሹ ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ቀለል ያለ ጋላቢ፣ ክብ ጀርባ ያለው ፈረስ፣ አጭር መንገድና ለእሱ የተሠራ ድብዳብ ከተገናኙ ሊያገለግል ይችላል። ጫንቃው ሾጣጣ ለሆነ ፈረስና ሙሉ ቀን ለሚፈጅ ጉዞ ግን «አጽም ስለሌለው አይጎዳም» ብሎ መተማመን ስሕተት ነው።

የሚባለው 5፦ «ኮርቻው ቀላል ከሆነ ክብደት አያሳስብም»

እውነታው፦ ፈረሱ የሚሸከመው ድምሩን ነው፤ ሰውየውን፣ ኮርቻውን፣ ድብዳቡን፣ ውኃውን፣ ኮርጆውን። በአሜሪካ ኦሃዮ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት 8 ፈረሶችን ከክብደታቸው 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ አሸክሞ አሠርቷቸዋል። በ25 እና በ30 በመቶ ላይ የልብ ምታቸው ይበልጥ ከፍ ብሏል፤ በጀርባቸው ጡንቻ ላይም ሕመምና መገተር ጎልቶ ታይቷል። ብዙ ጋላቢዎች ዛሬ 20 በመቶን እንደ ወሰን የሚይዙት በዚህና በቆየ ልምድ ነው።

ስሌቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። ፈረሱ 400 ኪሎ ቢሆን ሃያ በመቶው 80 ኪሎ ነው። ጋላቢው 65፣ ሲንተቲክ ኮርቻው 8፣ ውኃና ስንቅ 5 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 78 ይሆናል፤ ያልፋል። ያው ሰው በ16 ኪሎ የቆዳ ኮርቻ ቢወጣ 86 ይደርሳል። ቀላል ኮርቻ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ነገር ግን 300 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ሃያ በመቶው 60 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ከኮርቻ ላይ የተቀነሰ ጥቂት ኪሎ ከባድ ጋላቢን አያካክስም። ዳገቱ፣ ሙቀቱና የፈረሱ አቋም ሲጨመሩበት ወሰኑ ይበልጥ ይወርዳል። ልኩ ያልሆነ ቀላል ኮርቻ ደግሞ ልኩ ከሆነ ከባድ ኮርቻ የባሰ ሊጎዳ ይችላል፤ ክብደት የሚቆጠረው በኪሎ ብቻ ሳይሆን ባረፈበት ቦታ ስፋትም ነውና።

የሚባለው 6፦ «መቀመጫው በለሰለሰ ቁጥር ለጋላቢው ይመቻል»

እውነታው፦ ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ሲቀመጡበት ለስላሳው ያሸንፋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ስፖንጁ ተጨፍልቆ የመቀመጫ አጥንትዎ ከስር ካለው ጠንካራ ነገር ጋር ይገናኛል። ለረጅም መንገድ የሚሻለው ጠንከር ያለ፣ ቅርጹን የሚይዝ መቀመጫ ነው።

ከልስላሴው ይልቅ ሦስት ነገሮች ይወስናሉ። አንዱ የመቀመጫው ልክ ነው። በእንግሊዝ ቅርጽ በተሠራ ኮርቻ ላይ ከኋላዎ እስከ መደገፊያው ጫፍ አንድ መዳፍ ያህል፣ በአሜሪካው ቅርጽ ደግሞ በጭንዎና ከፊት ባለው ጉብታ መካከል አራት ጣት ያህል ቦታ መቅረት አለበት። ሁለተኛው በጭኖችዎ መካከል የሚገባው ክፍል ስፋት ነው፤ ከሰፋብዎ ዳሌዎን ይወጥራል፤ ከጠበበብዎ ይቆርጣል። ሦስተኛው እርካቡ የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። ከመጠን በላይ ወደፊት ከሆነ እግርዎን ወደፊት ገፍቶ እንደ ወንበር ያስቀምጥዎታል፤ ክብደትዎ ወደ ኮርቻው ኋላ ሄዶ የፈረሱን ወገብ ይጫናል። በሶምሶማ ጊዜ ከእርካቡ ላይ ለመነሣት ከተቸገሩ ወይም ጉልበትዎ ከታመመ ከመቀመጫው በፊት እርካቡን ይጠርጥሩ፤ ርዝመቱን አስተካክለው ይሞክሩ።

በአገራችን ደጋ በጥንት ጊዜ የእግር አውራ ጣት ብቻ በሚያስገባ ጠባብ እርካብ መጋለብ የተለመደ ነበር። በጫማ ለሚጋልብ ሰው ግን እርካቡ ከጫማው ቢያንስ አንድ ጣት ያህል ሰፋ ማለት አለበት፤ ጫማውም ተረከዝ ይኑረው። ሲወድቅ እግሩ እርካብ ውስጥ ተሰንቅሮ በፈረስ መጎተት የግልቢያ ክፉ አደጋ ነው።

የሚባለው 7፦ «ጠበቅ አድርገህ ካሰርከው አይንሸራተትም»

እውነታው፦ ልኩ የሆነ ኮርቻ በመጠኑ ታስሮም ቦታውን ይይዛል። ከደረቱ ስር ያለው ማሰሪያ ሁለት ጣት ያህል ማስገባት ይኖርበታል። ከዚህ በላይ ካላጠበቁት የማይቆም ኮርቻ ችግሩ ቅርጹ ነው፤ ማጥበቁ ደግሞ የፈረሱን የደረት እንቅስቃሴ ያውካል።

ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት ኮርቻ ሌላ ምልክትም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ የእንስሳት ሐኪሟ ሱ ዳይሰን ከባልደረባዋ ጋር 506 ፈረሶችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት የኮርቻ ወደ ጎን መንሸራተት ከኋላ እግር ማነከስ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ማነከሱ በዓይን የማይለይ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማሰሪያውን ደጋግሞ ከማጥበቅ ሐኪም ማሳየት ይቀድማል።

ቁልቁለት ላይ ወደፊት ለሚንሸራተት ኮርቻ መልሱ ሌላ ነው። ጫንቃዋ ዝቅ ያለ በቅሎ ላይ ጥሩ ኮርቻም ቢሆን ወደ አንገቷ ሊወርድ ይችላል። የአገራችን ባለበቅሎዎች ከጭራዋ ስር የሚያሳልፉት ወዴላ የሚይዘው ይህንን ነው። በአሜሪካም በተራራ ላይ በበቅሎ የሚጓዙ ሰዎች ተመሳሳይ ማሰሪያ ያደርጋሉ። ሲንተቲክ ኮርቻ ሲገዙ ከኋላው ወዴላ፣ ከፊቱም የደረት ማሰሪያ የሚታሰርበት ቀለበት እንዳለው ያረጋግጡ።

የሚባለው 8፦ «ሲጫን የሚነክስ ፈረስ ጠባየ ክፉ ነው»

እውነታው፦ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል። በኮርቻ ጉዳይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥፋቱ የጭነቱ ሆኖ ሳለ ዱላው የሚያርፈው እንስሳው ላይ ነው። ኮርቻ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያጣብቅ፣ ማሰሪያው ሲጠብቅ ለመንከስ የሚዞር፣ ሲወጡበት ጀርባውን የሚያጎብጥ ወይም የሚያሰምጥ፣ ቁልቁለት ላይ አልወርድም የሚል ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን እየተናገረ ነው።

ኮርቻው ሲወርድ ጀርባውን ያንብቡት። ላቡ በግራና በቀኝ እኩል ተዘርግቶ፣ የቦዩ መስመር ብቻ ደርቆ ከታየ መልካም ነው። በላብ መካከል ብቻዋን ደርቃ የቀረች ትንሽ ቦታ ካለች ግን ትጠርጠር፤ ወይ ግፊቱ በዝቶባታል ወይ ኮርቻው ጭራሽ አልነካትም። የትኛው እንደሆነ ቀደም ሲል የተነገረው የመዳፍ ፍተሻ ይለየዋል። ቆይተው ደግሞ እብጠት መኖሩን ይዳስሱ። በጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ ባለው ጡንቻ ላይ ጣትዎን ጠበቅ አድርገው ከፊት ወደ ኋላ ሲያሳልፉ ፈረሱ ከሸሸ ወይም ቆዳውን ካርገበገበ ያሞታል። በጥቁር ወይም በቡላ ፈረስ ጫንቃ ላይ የሚታዩት ነጭ ጸጉሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ የትውልድ ምልክት አይደሉም፤ ቀድሞ የተጫነው ኮርቻ የጸጉሩን ሥር ጎድቶ ያለፈበት ነው። ፈረስ ሲገዙም እነዚህን ማየት አይርሱ።

የሚባለው 9፦ «አንዴ ልክ ከሆነ ጣጣው አለቀ»

እውነታው፦ የፈረስ ጀርባ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። ሳር በበዛበት ወራት ይወፍራል፤ በድርቅ ይከሳል፤ ሥራ ሲጀምር የጀርባ ጡንቻው ይሞላል፤ ሲያርፍ ይጎድላል፤ ሲያረጅ ጀርባው ይሰምጣል። ወጣት ፈረስ ከሆነ ደግሞ ገና እያደገ ነው። ኮርቻውም ይለወጣል፤ ትራሱ በሱፍ የተሞላ ከሆነ እየተጠቀጠቀ ይሄዳል፤ ስፖንጅ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ይሞታል። ሱፉን ባለሙያ ማስተካከልና መጨመር ይችላል፤ የሞተን ስፖንጅ ግን መተካት እንጂ ማስተካከል አይቻልም።

ስለዚህ አምስቱ ፍተሻዎች ቢያንስ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ይደገሙ። የሚቀየረው ቅስት እውነተኛ ጥቅሙን የሚሰጠውም እዚህ ነው፤ ፈረሱ ሲከሳ ሌላ ኮርቻ ከመግዛት ጠበብ ያለውን ቅስት መክተት ይበቃ ይሆናል።

የሚባለው 10፦ «ሲንተቲክ ጥገና አይፈልግም»

እውነታው፦ የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ ጭራሽ አይፈልግም ማለት ግን አይደለም። የናይሎን ጨርቅና ክር ፀሐይ ላይ ሲከርም ይደክማል። ስፌቱን፣ ማሰሪያው የሚገባባቸውን ጠፍሮችና የእርካቡን ማንጠልጠያ ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በፊት በእጅ ስቦ ማየት ያስፈልጋል። በቬልክሮ የሚያያዙ ክፍሎች ጸጉርና ሳር ሲሞላባቸው መያዝ ያቆማሉ፤ በጠንካራ ብሩሽ ይጠረጉ። ከታጠበ በኋላ እሳት ወይም ማሞቂያ ዳር አይቀመጥ፤ ፕላስቲኩ ቅርጹን ሊያጣ ይችላል።

ያገለገለ ሲገዙ ዋናው ፍተሻ የአጽሙ ነው። የኮርቻውን ግንባር ጭንዎ ላይ አስደግፈው የኋላ መደገፊያውን በሁለት እጅ ወደ ራስዎ ይሳቡት። መጠነኛ መለመጥ ይጠበቃል። ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ መካከሉ ላይ ከታጠፈ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው የበለጠ ከተጠመዘዘ አጽሙ ተሰብሮ ይሆናል። የተሰበረ አጽም ያለው ኮርቻ በርካሽም አይገዛ፤ በነፃም አይወሰድ።

ለገዢ የሚሆነው ምክር ይኸው ነው። መጀመሪያ የፈረስዎን ጀርባ ቅርጽ በካርቶን ይያዙ፤ ቀጥሎ የራስዎን የመቀመጫ ልክ ይወቁ፤ ከዚያ በኋላ ክብደቱን፣ ልባሱንና ዋጋውን ያነጻጽሩ። የመሞከሪያ ቀን ሰጥቶ የሚመልስልዎትን ሻጭ ይምረጡ፤ በተሰጠዎት ቀንም አንድ ሰዓት ዳገትና ቁልቁለት ሄደው፣ አውርደው፣ ላቡን አይተው፣ ጀርባውን ዳስሰው ይወስኑ። የኮርቻ ልክ የሚያይ ባለሙያ በአካባቢዎ ካለ ለእሱ የሚከፍሉት ገንዘብ ከሐኪም ወጪ ያድንዎታል። ጀርባው ተገጥቦ ያገኙት ፈረስ ላይ ግን የትኛውንም ኮርቻ አይጫኑ፤ ቁስሉ ሽሮ ጸጉር እስኪያበቅል ድረስ በእግርዎ ይሂዱ።